ሪባኑ እስኪቆረጥ ዓይኔ እንዲጠብቅ ስለመደረጉ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ግራ ዓይኔ ከመጥፋቱ፣ ቀኙም ሊከተለው ከመቻኮሉ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የእርስዎን ሁለቱንም ዓይኖች አላህ ይጠብቅልኝ፤ ይህን ሳያነቡ እንዳይቀሩ። በጋዜጣ ማውጣቴም ጸሐፊዎ ዘንድ ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች የገቡበት ስለጠፋ ነው።

ስሜ ሀፍሷ ሙናዊር ይባላል፤ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ ክር፣ ቁልፍና ሪባን ስሸጥ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።

1ኛ. ለዓይን ነርቬ ስለተደረገልኝ ምርመራ ከልብ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ሲቲ ስካን ታዘዘልኝ፤ ነርቩን የሚጫን እብጠት የለም ተባልኩ። ቀጥሎ ኤምአርአይ ይሻላል ተብሎ ተነሳሁ፤ ነርቩ መቆጣቱን አሳየ፣ ምን ያህሉ እንደተረፈ ግን አላሳየም። ሐኪሜ ዶክተር ባይነሽ የነርቩን ክሮች ውፍረት የሚለካው ኦሲቲ የሚባለው መሣሪያ እንደሆነ፣ በየጊዜው ካልተለካም መድኃኒቱ ይቀጥል ይቀየር ለመወሰን እንደሚቸገሩ እቅጩን ነገሩኝ። ክር መሳሳቱ በግምት እንደማይታወቅ እኔም ከሥራዬ አውቃለሁ።

2ኛ. መሣሪያው ለካ በራስዎ ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ላስቲኩን እንደለበሰ ተቀምጧል! ከመጣ አምስት ወሩ ነው። ምንም አልተበላሸም፤ መርቀው የሚከፍቱት የክብር እንግዳ ጊዜ አጥተው ነው እንጂ። ቢፒአር በሚባለው አዲሱ የመሥሪያ ቤቶች አሠራር ማንኛውም ተገልጋይ በአሥር ደቂቃ እንደሚስተናገድ ግድግዳው ላይ መለጠፋችሁን አንብቤያለሁ፤ ያኔ ማንበብ እችል ነበር።

3ኛ. ይህ እንኳ አቤቱታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። በዚያ ክፍል በር ላይ የተወጠረው ቀይ ሪባን የእኔ ነው። ጥር ላይ የግዢ ሠራተኛዎ አቶ ጓንጉል ሱቄ መጥተው ስድስት ሜትር ሲገዙኝ፣ ለምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ግማሽ ሜትር መርቄላቸዋለሁ። የገዛ ዓይኔ የሚታሰርበትን ሪባን ለክቼ ሰጠሁ ማለት አይደል? በገንኩ፤ ወላሂ በገንኩ!

ስለዚህ ፈቃድ ለመጠየቅ ሳይሆን እንዲያውቁት ያህል፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተራ ከሚጠብቁት ሕመምተኞች ጋር ከዚያ በር ላይ እገኛለሁ።

ለሪባንዎ ደኅንነት ሌት ተቀን ከምትጨነቀው፣ በቀረቻት አንድ ዓይን ከምታከብርዎ
ሀፍሷ ሙናዊር
ሰኔ 2002 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ስለ መቀሱ አይቸገሩ፤ የሱቄን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ቀኙ ዓይኔ ቢጠፋም አያስቡ፤ ሪባን ለመቁረጥ ዓይን አያስፈልገኝም።