ለልጄ የዘለልሁት መስመር

አባባ፣

ከቀበርንዎት አራት ዓመት ሆነ። በሕይወት ሳሉ እንደ ቅኔ ተማሪዎችዎ የኔታ እንጂ አባባ እንድልዎት አልፈቀዱልኝም። አሁን መቆጣት ስለማይችሉ እንደፈለግሁ እጠራዎታለሁ።

ወንድሜ ይትባረክ ሹም አቦ ሰፈር፣ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ ዛሬም የጫማውን ክር የማስርለት እኔ ነኝ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ እርስዎ ለትምህርት አእምሮው እንዲከፈት ብለው አብሾ የሚሉትን ዕፅ አጠጡት፤ ምን እንደሚጠጣ እንኳ አልነገሩትም። ከዚያ ወዲያ ወደ ልቡ አልተመለሰም። እርስዎ ግን እስኪሞቱ ድረስ የእግዜር ፈቃድ ነው ይሉ ነበር። እንዴት እንደምጠላዎት!

የእኔን ሥራ ቢሰሙ ይስቁብኝ ነበር። ኮሌጃችን ውስጥ መኪናና አውሮፕላን መንዳት የሚያለማምድ ሲሙሌተር አለ፤ መሪና ፔዳል ያለው፣ ከፊቱ ሰፊ ስክሪን። ለጥናት በሚመጡት ሰዎች ግንባር ላይ የጨው ውሃ የነካው ስፖንጅ አስሬ፣ ለሃያ ደቂቃ አንጎል ያነቃል የሚባል ቀጭን ኤሌክትሪክ እለቅባቸዋለሁ። ከዚያ ሲነዱ ይሻሻሉ እንደሆነ እንመዘግባለን። አስቀድሜ የፈቃድ ወረቀቱን ለእያንዳንዱ ቃል በቃል አነብባለሁ። በይትባረክ ላይ ከደረሰው የተነሣ አንድም መስመር ዘልዬ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሚካኤል መጣ። ለአብራሪነት ተፈትኖ ወድቆ ቤት ከተኛ ወር አልፎታል፤ ና ሞክረው ያልሁት ራሴ ነኝ። ለእሱ ስደርስ፣ ቆይቶ የሚያመጣው ጉዳት ገና በውል አይታወቅም የሚለውን መስመር ዘለልሁት። እንዳይፈራብኝ ብዬ ነው። ስፖንጁ ግንባሩን ሲያሳክከው ሳቀ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አውሮፕላኑን ኮሽታ ሳያሰማ አሳረፈው። እኔ ጅሏ እልል አልሁ!

ከሥራ ስወጣ ከኮሌጁ አጠገብ ካለው ሐይቅ ዳር ተቀምጬ እርስዎንም ራሴንም ረገምሁ። ይትባረክን ያጠጡት ዕለት ደስታዎ ምን ይመስል እንደነበር ገባኝ፤ እንዲገባኝ ግን አልፈለግሁም ነበር።

ትናንት ልጄን አስቀምጬ የዘለልሁትን አነበብሁለት። አጎቱ ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ የሆነ ይመስለው ነበር፤ የአብሾውን እውነት ነገርሁት። ለምን ደበቅሽኝ ብሎ ጠየቀኝ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ ይህን ጥያቄ እርስዎን ሳልጠይቅ ነው የቀበርሁዎት። ፈርቼዎት ነበር። እሱ ግን እስክመልስለት አልነሣም አለ። ጎበዝ ልጅ አለኝ ለማለት ጓጉቼ ነው አልሁት። ዛሬ ጠዋት ሳያናግረኝ ወጣ።

ከእንግዲህ አልረሳዎትም፣ አባባ። ባለፈው ሳምንት ለሃያ ደቂቃ ረስቼዎት፣ እርስዎን ሆኜ ነበር።