በአርባ የተከፈተው ኑዛዜ

ይድረስ ለወንድምዓለም ባዩ፤

እንደምን ሰንብተሃል? የጁባ ሙቀት፣ ሥራው፣ ወገብህስ እንዴት ነው? ወባው ተወህ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እናታችንም ደኅና ናቸው። ገብሱ ታጭዷል፣ ጤፉ ገና ቆሟል። ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ስለ ከብቱ አውርቼ ዘጋሁ። ሙሉቀን ወደዚያ ሊመለስ ነው ሲሉኝ ጊዜ በእጁ ልላክልህ ብዬ ተቀመጥሁ።

የአባታችን ተዝካር ጥቅምት ሃያ አንድ በደንብ ወጣ። ከካህናቱ የቀረ የለም፣ ጠላውም አልጎደለም። ከዚያ እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ኑዛዜው ተከፈተ። አባታችን አምና በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ በክር ሰፍተው ለንስሐ አባታቸው ለቄስ ሙላቴ የሰጡት ነው። መቼም አባታችንን ታውቃቸዋለህ፣ ከቅኔያቸው ውጭ ነገር አያበዙም፤ ኑዛዜዬ ነው ብለው ሰጥተው ሄዱ። ሁላችንም የመሬት ነገር መስሎን ነበር።

ባዩ፣ ስለ መሬት አንድ ቃል የለበትም። እንዲህ ይላል፦ «ጉልበቴ ከከዳኝ፣ አንደበቴም ከተያዘ ከቤቴ አታውጡኝ። በአፍንጫዬ ቱቦ አታስገቡብኝ። ለሕመሙ ማስታገሻ ካለ ስጡኝ። ቄስ ሙላቴ ያቁርቡኝ፤ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙራችሁ ውዳሴ ማርያም ድገሙልኝ።» ይኸው ነው።

በነሐሴ መጨረሻ ከደጀ ሰላሙ ሲወጡ ወድቀው አንደበታቸው ሲያዝ፣ ባሕር ዳር ሆስፒታል ወሰድናቸው። አንተም በስልክ ምንም እንዳይቀርባቸው አልህ፤ እኔም ሁሉ ይደረግ አልሁ። ቱቦው ገባ። በደኅናው እጃቸው ሊነቅሉት ሲሉ፣ ያን እጅ በነጠላዬ ከአልጋው ጋር ያሰርሁት እኔ ነኝ። ዘመን የተለወጠባቸው እዚያው ነው። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሳይቆርቡ አረፉ።

ያልነገርሁህ ይህን ነው። ሐኪሙ፣ አባታችሁ እንዲህ ብሆን ብለው የተናገሩት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የለም አልሁት። ቄስ ሙላቴም በሦስተኛው ቀን ደውለው ወረቀቱን ልክፈተው ወይ ብለውኝ ነበር። ተቆጣኋቸው። ሰውየው እየተነፈሱ ኑዛዜ ይከፈታል እንዴ፣ ርስት ቋምጠው ነው አይሉንም ወይ፣ ኑዛዜ በአርባ ነው አልኋቸው። እሳቸውም እውነትሽን ነው ብለው ወደ ዳዊታቸው መለሱት። ሰው ምን ይለኛል ስል አባቴን አሰርሁ።

ሰዉ እንዳለቅስ ይጠብቀኛል። አላለቀስሁም፤ ደንዝዣለሁ። ወተቱ ሲገነፍል ቆሜ አየዋለሁ፣ አላወርደውም። አንተን አልወቅስህም፤ አንተ አታውቅም። እኔ ግን ይከፈት ወይ ተብዬ ተጠይቄ ነበር።

በሳምንቱ እናታችን ቄስ ሙላቴንና ሁለት ሽማግሌዎች አስጠርተው የእኔም ይጻፍ አሉ። በአርባዬ የሚነበብ አልሻም፣ ጆሮዬ እየሰማ ይነበብ ብለው ሦስት ጊዜ አስነበቡን። እኛ እንደ አባታችን ከቤቴ አታውጡኝ የሚሉ መስሎን ነበር። ኧረ የት! ሆስፒታል ውሰዱኝ፣ ቱቦውንም መርፌውንም አድርጉልኝ፣ ባዩ እስኪደርስ አቆዩኝ አሉ። መጥቶ እጄን ከያዘኝ በኋላ ግን ንቀሉልኝ፣ ከዚያ ወዲያ አታድክሙኝ አሉ።

ወረቀቱን እዚህ ጤና ጣቢያ ላለው ሐኪም አሳየሁት። ጥሩ ነው፣ ግን የሚጠበቀው ልጅ በስንት ቀን ይደርሳል አለኝ። የቀኑን ቦታ ባዶ ትተነዋል። ቅጂውን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ አልተሰፋም። ከጁባ ደብረ ታቦር ስንት ቀን እንደሚፈጅብህ አስበህ ጻፍልኝ፤ እሞላዋለሁ።

እናታችን አገላብጠው ይስሙሃል። ልጄ ትዝታ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ቄስ ሙላቴ እግዚአብሔር ይፍታህ ይሉሃል፤ እኔንም ብለውኛል። ለባለቤትህ ለቅድስትና ለልጆቹ ሰላም በልልኝ። በሰላም ያገናኘን።

እኅትህ ፈንታነሽ ሀብተማርያም

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.