አባትሽ መድኃኒትሽን እየጠበቀ ነው

ኅዳር 9 ቀን

ለልጄ፣ ለሆዴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? በስልክ ልነግርሽ አስቤ ለቅሶ እየቀደመኝ ስላስቸገረኝ ይህን ጽፌ ወዳንቺ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁ።

አባትሽ ብሶበታል። ከአልጋው እስከ በሩ ሲሄድ ግድግዳ ይዞ ያርፋል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል። ሐኪሙ ወደ ልቡ ደም የሚወስዱት ሥሮች ሊደፈኑ ምንም አልቀራቸውም፣ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት አይተርፍም ብሎኛል። ቀን ተቆርጦለት ነበር። አልሄድም ብሎ ሙጭጭ አለ።

ለምን መሰለሽ? ያንቺን መድኃኒት እየጠበቀ ነው።

ባለፈው ስትመጪ ሥራሽን ያስረዳሽው ትዝ ይልሻል? ልብ አየር ሲያጥረው ነርቮቹ ደንግጠው የሚያስጋልብ ቅመም ይለቁበታል፤ ያ የሚያሳክከንና የሚያስነጥሰን ሂስታሚን ነርቩ ጫፍ ላይ ያለችውን ተቀባይ ሲነካት ግን ቅመሙን ትገታዋለች፣ ልብም ፋታ ያገኛል፤ መድኃኒቴም ይህችኑ ተቀባይ የሚቀሰቅስ ነው አልሽው። አሁን ደጃችን ላይ ባለው ጎሚስታ ቤቱ ተቀምጦ ጎማ ሊያስነፋ ለመጣ ሁሉ ይህንኑ ይሰብካል። አንድ ባለታክሲ ቢያስነጥስ «እሰይ፣ ልብህ ዘበኛ አለው» አለው። ሳቄ መጣ፤ ኋላ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በእንስሳት ልብ ላይ ብቻ እንደተሞከረ፣ ለሰው እስኪደርስ ገና ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ ለእኔ ነግረሽኛል። ብነግረው «አንቺ ስለ ሳይንስ ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። ሐኪሙ ሲመክረውም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ካንቺ በቀር የሚሰማው የለም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ልጄ። ደውይለትና ሥራው ከሸፈ፣ መድኃኒቱ አይሠራም በይው። ዕድሜሽን የሰጠሽው ሥራ መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። «ገና ነው» ብትይው ግን ይጠብቃል። ቅስሙ ይሰበራል፤ ይሰበር፣ ብቻ ሐኪም ቤት ይግባልኝ።

ይህን ስጽፍ ድንገት ገባ። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ትንፋሹ እስኪመለስ ወንበሩን ይዞ ቆየና፣ «እንዳትቸኩል በያት። ተጣድፋ እንዳታበላሸው፤ እኔ እጠብቃታለሁ» አለኝ።

እሺ አልኩት።

ለዚህ ነገር ፈጣሪ አንደበትሽን ያጽናልሽ፤ እኔንም ይቅር በይኝ። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ደውይለት። ዘግይቶብሽ እሱን በሕይወት ካላገኘሽው ግን፣ ለእኔ ሥራው ከሸፈ እንዳትይኝ፤ የጠበቀው በከንቱ አይሁንብኝ።

እናትሽ