ስልክ የማያነሳው አመልካች

ለምወድሽ እናቴ፤

ይህ ደብዳቤ ረጅም ነውና መነጽርሽን ፈልገሽ፣ ወንበርሽን ወደ መስኮቱ አስጠግተሽ፣ ተደላድለሽ ሳትቀመጪ ማንበብ እንዳትጀምሪ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይቆረጥምሻል? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት በየቀኑ ትቀቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሲብስብሽ ብቻ ነው የምታስታውሺው? አባባስ እንዴት ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ የተማሪዎች ዩኒፎርም በዝቶባት ከስፌት መኪናዋ ጋር ተጣብቃ ነው የምትውለው። ሰላም በልልኝ ብላለች።

አራት ወር ሙሉ ስላልጻፍኩልሽ እንደተቀየምሽኝ አውቃለሁ። ዝም ያልኩት አፍሬ ነበር። አሁን ግን የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ሳላንዛዛ ልንገርሽ፦ አገኘሁት! ለባህልና ለትምህርት ሥራዎች የሚሰጠውን ያንን አነስተኛ የመንግሥት ድጋፍ አሸንፌ፣ ውሉን ፈርሜ፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ከመጋዞቼ በላይ ግድግዳው ላይ በሚስማር መትቼዋለሁ። በይ አሁን ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

ነገሩ የተነሳው አንዲት ሴት አልጋ ልታሠራ ወደ ሥራ ቤቴ የመጣች ቀን ነው። ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ይዛለች። ልጅቷ እንደኔው ናት፤ አትሰማም። እናትየዋ የአልጋውን ስፋት በክንዷ እየለካች ስታሳየኝ፣ ልጅቷ ቀሚሷን ትጎትታለች፣ ወደ ወለሉ ትጠቁማለች፣ ታለቅሳለች። ውኃ አሳየቻት፤ እምቢ። ዳቦ አሳየቻት፤ እምቢ። በመጨረሻ ደሟ ፈላና በጥፊ አለቻት። ወዲያው ደግሞ እዚያው ጣውላ ላይ ቁጭ ብላ እሷው አለቀሰች። ልጅቷ የፈለገችው ከመላጊያዬ ሥር እየተጠቀለለ የሚወድቀውን ፍቅፋቂ መንካት ነበር። አንድ እፍኝ አንስቼ ስሰጣት ፊቷ በሳቅ ተሞላ። እናትየዋ የኪስ ማስታወሻዬን ተቀብላ “እንዴት አወቅክ?” ብላ ጻፈችልኝ።

ምን ብዬ ልመልስላት? እኔማ አንቺ ነበርሽልኝ። አምስት ዓመቴ ላይ ያ ትኩሳት ጆሮዬን ይዞት ሲሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ሲመላለስ፣ አንቺ ማንም ሳያስተምርሽ በጣቶችሽ ቋንቋ መፍጠር ጀመርሽ። ለእንቅልፍ አንድ፣ ለወተት አንድ፣ “ዋ! እንዳትነካ” ለማለት ደግሞ ሦስት ዓይነት ነበረሽ። ኋላ የምልክት ቋንቋ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ስገባ መምህሬ ያንን ያንቺን ቋንቋ አይቶ “ይቺ ሴት ፊደል ቀርጻለች እኮ” ብሎኝ ነበር።

ዛሬ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። አባባ ግን አንድም ቀን በእጃቸው አነጋግረውኝ አያውቁም። ለእኔ የሚሉት ሲኖራቸው ወደ አንቺ ነው የሚዞሩት። ከከንፈራቸው ላይ አጥርቼ ማንበብ የቻልኩት ቃል “ንገሪው” የሚለው ብቻ ነው። ንገሪው፣ ጫማውን ይጥረግ። ንገሪው፣ ነገ አውቶቡሱ በጠዋት ነው። ስለማይወዱኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና የነዱ ሰው፣ እጅ ከመሪ ሌላ ሥራ ያለው አይመስላቸውም። ግን ያማል፣ እማዬ። ይህን ላንቺም ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ያቺ ሴት ከሄደች በኋላ ነው ስለ ድጋፉ የሰማሁትና ቅጹን ያመጣሁት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ልጆቻቸው የማይሰሙ ወላጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰብስቤ የቤት ውስጥ ቋንቋ ላስተምራቸው፤ ሁለት መቶ ቃል ራሴ በእርሳስ ስዬ በትንሽ መጽሐፍ ላሳትምላቸው፤ ሁሉም የሁሉንም እጅ እንዲያይ የግማሽ ክብ ቅርጽ ያላቸው ጠረጴዛዎች ልሥራ። ቅጹ “በቁጥር የሚለካ ውጤት” ይላል። እኔም “ሃያ አራት ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ያለ ሦስተኛ ሰው ጀምረው መጨረስ የሚችሉት ጭቅጭቅ” ብዬ ሞላሁበት። ባለቤቴ “ይሰድቡሃል፣ ሰርዘው” ብላ ለመነችኝ። አልሰረዝኩም።

ስልክ ቁጥር በሚለው ቦታም የእሷን እንድጽፍ ነግራኝ ነበር። እዚህ ላይ ኩራት ያዘኝ። ሐሳቡ የእኔ፣ ድካሙ የእኔ፣ ስልኩ ለምን የእሷ ይሆናል? የራሴን ጻፍኩ፤ መልእክት ቢልኩልኝ አነበዋለሁ ብዬ። ያኔ ስለ ማመልከቻው ስጽፍልሽ አባባ ያሉትን መልሰሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ “ንገሪው፣ መንግሥት ለጣት ማወዛወዝ አይከፍልም፣ እንጨቱን ይላግ።” ዋጥ አድርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ የቁም ሳጥን በር ኮላ ስቀባ ውዬ ስልኬን ከሽርጤ ኪስ ሳወጣው ሦስት ያልተነሳ ጥሪ አየሁ። ቁጥሩን አላውቀውም። ወዲያው “መስማት የተሳነኝ ነኝ፣ እባክዎ በጽሑፍ ይላኩልኝ” ብዬ ላክሁ። ለካ የመሥሪያ ቤት መደበኛ ስልክ ኖሯል፤ መልእክት አይቀበልም። በሳምንቱ በመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተሰረዙት ተርታ ስሜን አገኘሁት። ከጎኑ “ሦስት ጊዜ ተደውሎለት ስልክ የማያነሳ” ይላል።

እዚያው ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ሌሎቹ የተሰረዙበትን ምክንያት አነበብኩ። የባልትና ስልጠና፣ የመንደር ቤተ መጻሕፍት፣ የሥዕል ትምህርት፣ ሁሉም ቢወድቅ በሥራው ነው የወደቀው። እኔ የወደቅኩት በጆሮዬ ነው። ላንቺ መጻፍ ያቆምኩት የዚያን ዕለት ነው። አባባ ትክክል ነበሩ ብዬ መጻፍ ሞት መሰለኝ።

ሦስት ቀን እንዲሁ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን፣ አልጋዋን ስትወስድ ሐሳቤን የነገርኳት ያቺ ሴት ልጇን ይዛ መጣችና ደብተሬ ላይ “ትምህርቱ መቼ ነው የሚጀመረው?” ብላ ጻፈች። ሽርጤን አውልቄ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ጸሐፊ ቀና ሳትል ትናገራለች። መስተዋቱን አንኳኳሁ። ስታየኝ ወረቀት ሰጠኋት፤ “ለምን እንደተሰረዝኩ ልጠይቅ ነው።” እሷም ከሥሩ “ስልክ ለምን አላነሱም?” ብላ ጻፈችና መለሰችልኝ። “የማመልከቻዬ ሁለተኛ ገጽ የመጀመሪያው መስመር ይነበብልኝ” አልኳት። ፋይሉን አወጣች። “እኔ መስማት የተሳነኝ አናጢ ነኝ” ይላል። ጆሮዋ ድረስ ቀላች፣ እማዬ! ተነስታ በጎን በር ወጣችና ክንዴን ይዛ ወደ ኃላፊው ወሰደችኝ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ከመመሪያው ውጭ መተንፈስ የሚፈራ ነው። “መመሪያው ሦስት ጊዜ ተደውሎለት ያላነሳ ይሰረዛል ይላል” ብሎ ጻፈ። “ሦስት መቶ ጊዜ ቢደውሉም አላነሳም” ብዬ መለስኩ። አነበበው፤ ወደ ጸሐፊዋ አየ፤ እሷ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። አቤቱታ ማቅረቢያው አምስት ቀን መሆኑንና የቀረኝ አንድ ቀን ብቻ መሆኑን የነገረችኝ እሷው ናት። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት። “የጻፍኩትን ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው መሥሪያ ቤቱ እንጂ እኔ አይደለሁም” የሚል አረፍተ ነገር ነበረበት። ይህንንም ባለቤቴ ብታየው ታስሰርዘኝ ነበር።

አቤቱታዬ ተቀባይነት አገኘና በመጨረሻው ቀን፣ የመጨረሻው አቅራቢ ሆኜ ገምጋሚዎቹ ፊት ቀረብኩ። አምስት ናቸው። ደክሟቸዋል። የተፈቀደልኝ አሥር ደቂቃ ነው። ከማይሰሙ ወላጆች ተወልዳ ምልክቱን ከጡት ጋር የጠባችው ባለቤቴ ልታስተረጉም አጠገቤ ቆማለች። አፏን ልትከፍት ስትል ቆዪ አልኳትና ብቻዬን በእጄ መናገር ጀመርኩ። ስለ ልጅቷ፣ ስለ ፍቅፋቂው፣ ስለ ጥፊው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እነሱ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ባለ ወፍራም መነጽር ሰውዬ ሰዓቱን አየ፣ ወረቀት አገላበጠ፣ ባለቤቴን በአገጩ “ምን ይላል?” አላት። ዝም አለች። ሌላዋ ገምጋሚ ተጨንቃ ፈገግ አለችልኝ፤ ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ስንት እንግዳ በቤታችን እንዲያ ፈገግ ብሎልኛል።

ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ለባለቤቴ ምልክት ሰጠኋት። ያልኩትንም እንዲህ ብላ በድምፅ አሰማቻቸው፤ “አሁን እናንተ የተቀመጣችሁበት ቦታ፣ የማይሰማ ልጅ በገዛ ቤቱ በየቀኑ ምሳ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። እናንተ ሦስት ደቂቃ ከበዳችሁ።”

ተጨንቃ ፈገግ ያለችልኝ ሴት ፈገግታዋን ሰበሰበች። ባለ መነጽሩ ግን በቀላሉ የሚለቅ አልነበረም። “የማይሰሙት ልጆቹ ሆነው ሳለ መንግሥት ለምን የሚሰሙትን ያስተምራል?” ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ተዘጋጅቼበት ነበር። “ልጆቹማ ትምህርት ቤት ገብተው ይማራሉ፤ ችግሩ ተምረው ቤት ሲመለሱ የሚያናግሩት ሰው ማጣታቸው ነው” አልኩት። ከዚያ የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ቅጹን አንስታ ስለ ጭቅጭቁ የጻፍኩትን ጮክ ብላ አነበበችው። አምስቱም ሲስቁ አየሁ፣ እማዬ፤ ባለ መነጽሩ መነጽሩን አውልቆ እስኪጠርግ ድረስ! ሰብሳቢዋ ያባከንኩትን ሦስት ደቂቃ እንኳ መልሳ ጨመረችልኝ።

ውጤቱን በስልክ አላሳወቁኝም። የመስኮቷ ጸሐፊ ራሷ ወረቀቱን ይዛ በእግሯ ሥራ ቤቴ ድረስ መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ ከየት እንደተማረችው እንጃ፣ በእጇ “እንኳን ደስ አለህ” ልትለኝ ሞከረች። እጇ ተሳሳተና “እንኳን ተሰበርክ” አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ስድብ የለም! አዲሱን ቅጽም አሳየችኝ። ከስልክ ቁጥሩ በላይ “እርስዎን ለማግኘት የሚሻለው መንገድ የትኛው ነው?” የሚል መስመር ተጨምሮበታል። ድጋፉ ለአንድ ዓመት ነው፤ ያቺ መስመር ግን ከኔ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ትቆያለች። ከገንዘቡ ይልቅ እሷ ናት ያኮራችኝ።

ጠረጴዛዎቹን በሦስት ሳምንት ጨረስኩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሃያ አራት ሰው ጠብቀን ሃያ አምስት መጣ። ያቺ የአልጋዋ እናት ፊት ለፊት ተቀምጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ “ምን ፈለግሽ?” ማለትን ተማረች። እየደጋገመች፣ እየደጋገመች፣ ለራሷ ስትለው ዋለች። በሳምንቱ ልጅቷ መልስ ሰጠቻት፤ “ምንም። ዝም ብዬ ነው።” እናትየዋ በዚህ መልስ እንዴት እንደጨፈረች ብታዪ!

ሃያ አምስተኛው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሳይጠሩ ነው የመጡት፤ ከማን እንደሰሙም እስካሁን አልነገሩኝም። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ መመዝገቢያውን ስትሰጣቸው “ዝምድና” በሚለው “አባት” ብለው ሞሉ። “የልጁ ዕድሜ” በሚለው ደግሞ “41” ብለው ጻፉ። ጸሐፊዋ “አራት ለማለት ነው፣ አባቴ?” ብትላቸው “አንቺ የተጻፈውን መዝግቢ” አሏት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ይህን ሰምታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ እኔ መጣች። እኝህ ሰው ስማቸውን ለማንም እንዳልነግር በወረቀት ጽፈው ቃል አስገብተውኛል፤ “በተለይ ለባለቤቴ” የሚለውን ከሥሩ አስምረውበታል። እኔም ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ይህን ደብዳቤ አሥር ጊዜ ብታገላብጪው ስማቸውን አታገኚበትም።

ጎበዝ ተማሪ ናቸው ብዬ አልዋሽሽም። ጣቶቻቸው ወፍራምና ግትር ናቸው፤ “ውኃ” ሲሉ “ሚስማር” ይሆንባቸዋል። ግን ቀርተው አያውቁም። ባለፈው ቅዳሜ ሁሉም ሲወጣ ወደ ኋላ ቀሩ። ጠረጴዛውን ዳር ዳሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ጎንበስ ብለው ማጋጠሚያውን አዩ። ከዚያ ባለቤቴ እዚያው ቆማ ሳለ እሷን ሳያዩ፣ ዓይኔን እያዩ፣ አንድ በአንድ በእጃቸው እንዲህ አሉኝ፤ “ጠረጴዛ። አንተ። ሠራህ?”

አዎ አልኳቸው።

በጡጫቸው ጠረጴዛውን መታ አደረጉት፤ ንዝረቱ መዳፌ ድረስ መጣ። “ጠንካራ” አሉ። ምልክቱን አልተሳሳቱም።

እማዬ፣ በሚመጣው ክረምት አንቺን ራስሽን ለአንድ ሳምንት እፈልግሻለሁ፤ ያንቺን የድሮ ምልክቶች በመጽሐፉ መጨረሻ ልስላቸው አስቤያለሁና እምቢ እንዳትዪኝ። እስከዚያው፣ ቅዳሜ በጠዋት ከቤትሽ የሚወጣ ሰው ካለ የት እንደሚሄድ አትጠይቂው። ቁርሱን ግን በደንብ አብዪው፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ እጅሽን ይባርክልኝ፣ ደስታችንን ሦስታችንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የምናወራበት ዕድሜ ይስጥሽ።

በጣቶችሽ ያናገርሽው፣
አናጢው ልጅሽ