ገመዱ ነው የተበጠሰው አልሽኝ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የሴኡል ብርድ ከበረታብሽ ከወለሉ ስር ያለውን ማሞቂያ ከፍተሽ ወለሉ ላይ ተኚ፤ አትናቂው። እኔ እዚህ ቡሳን ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ትናንት ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁትም ተናድጄ ነው።

ለዚህ ፊልም አስተርጓሚ አድርገሽ የላክሽኝ አንቺ ነሽና ልንገርሽ። ብራዚላዊው ኢቫንድሮ ዳሌው ተሰብሯል። በተዋናይ ፋንታ ከጣሪያ እየዘለለ ሁለት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ አይዘልም ብሏል። አንቺ ግን «ገመዱ ነው እንጂ የተበጠሰው ያንቺ ምላስ መች ነው?» አልሽኝ። እስቲ ምላሴ ያደረገውን ስሚ።

ኢቫንድሮ ወደቡ ላይ፣ የመጋዘኑ ጣሪያ ላይ ቆሞ ገመዱን በጣቱ ዳሰሰና «ይሄ አልቆለታል። አልዘልም! ያ ሰውዬ ከቸኮለ አማቱን አምጥቶ ያዝልል» አለኝ። እኔ ለዳይሬክተር ናምጉንግ ጎንበስ ብዬ «ጊዜ ሲኖርዎት ገመዱን ቢያዩለት ደስ ይለዋል» አልኩ። «ከምሳ በኋላ እናየዋለን። ፀሐይዋ ሳታመልጠን ይዝለል፤ ፈሪ ነው እንዴ?» አለ። ለኢቫንድሮ «ሰምቶሃል፤ ገመዱ ምንም አይልም፣ አታስብ ብሏል» አልኩት። አመነኝና ዘለለ።

ይህን ከማን ተማርኩት? «አስተርጓሚ ትራስ ነው፤ መሃል ገብተሽ አለስልሺው፣ ያለዚያ ሁለተኛ የሚጠራሽ የለም» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ እያለን፣ ልብስ ቤታችን ውስጥ ደንበኛዋ ፖርቱጋልኛ የማትሰማውን እናታችንን «ይቺ ሌባ፣ አገሯ ትግባ!» ስትላት፣ አንቺ «ሌላ ቀለም አለ ወይ ትላለች» ትያት ነበር። እናታችንም እየሳቀች ሌላ ቀለም ታወርድላታለች። ያኔ እንዳንቺ የምወደው ሰው አልነበረም። አሁን ተናድጃለሁ፤ ባንቺም፣ በራሴም።

የፊታችን ሐሙስ መርማሪዎች ሆስፒታል ይመጣሉ። ናምጉንግ «እምቢ አላለም፤ በትህትና ገመዱን እዩልኝ ነው ያለው» ብሏል። አልዋሸም፤ የሰማው ያንን ነው። ኢቫንድሮ «አልዘልም ብያለሁ» ይላል፤ እሱም አልዋሸም፣ ግን ሁሉም ውሸታም አድርገውታል። ዛሬ ጠዋት የሩዝ ገንፎውን ሳጎርሰው እጄን ይዞ «አንቺ ሰምተሻል፤ እንዳልኩት ንገሪያቸው። ካንቺ ሌላ ማንም የለኝም» አለኝ። ጎራሹ እሱ፣ ትን ያለው እኔን።

አንቺ ደግሞ «ሐሙስ ዝም ብለሽ የሚሉትን ብቻ ተርጉሚ፤ ቃል መቀየርሽ ከተሰማ ለፊልም አስተርጓሚ ፈልጊልን ብሎ ቢሮዬን የሚያንኳኳ አይኖርም» ትያለሽ። አይንኳኳ! የሰው ዳሌ ተሰብሮ አንቺ ስለ በርሽ ታወሪኛለሽ?

ስለዚህ ለሐሙስ አራት ሰዓት ሌላ አስተርጓሚ ፈልጊ። እኔ የምቀርበው ምስክር ሆኜ ነው። ከኮሪያኛ ወደ ፖርቱጋልኛ የሚመልስ ሰው ማግኘት ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ከጠፋ በጠዋቱ ባቡር ራስሽ ነይ። አልጋው አጠገብ ቁጭ በይና፣ እኔ የምናገረውን አንዲት ቃል ሳታለሰልሺ ለኢቫንድሮ ንገሪው።

ወገብሽን ይማርልሽ፤ መንገዱንም ያቅናልሽ።

ታናሽ እህትሽ