በጃንዋሪ አንድ ስለ ተወለደው በረኛችን

ለክቡር አቶ ንዋይ
የጮራ እግር ኳስ ቡድን ኮሚቴ ሰብሳቢ
ፊንስበሪ ፓርክ፣ ለንደን

ጉዳዩ፦ በዕድሜ ብዛት ከሐምሌው ውድድር ዝርዝር የተሰረዘውን በረኛ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው እሑድ በሜዳው ዳር ከተጣጣፊ ወንበርዎ ሲነሡ ወገብዎን ይዘው ስላየሁ ከልቤ አዝኜ ነበር። ሆኖም እርስዎ ራስዎ ያጸደቁት አዲሱ ደንብ አርባ ዓመት የሞላው ሰው ከሜዳ እንዲርቅ እንጂ ከወንበር እንዲርቅ ስለማያዝ፣ ወንበሩ ዕድሜ ልክዎን የእርስዎ መሆኑን አስቤ ተጽናናሁ። ለወገብዎም ለወንበሩም እግዚአብሔር ጽናቱን ይስጥልኝ።

እኔ አልታየሽ እባላለሁ። በዊልስደን አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት እሠራለሁ፤ ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ደግሞ ጮራ በተጫወተበት ሁሉ ከጎላችን ጀርባ ቆሜ እጮኻለሁ። ወላጆቼ አልታየሽ ቢሉኝም ያልታየሁበትም ያልተሰማሁበትም ጨዋታ እንደሌለ እርስዎ ምስክሬ ነዎት፤ ሁለት ጊዜ ዳኛው እንድርቅ ያዘዘኝ በእርስዎ ጥቆማ ነውና።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ጮራ እኛ ሰሜን ለንደን ያለን ሐበሾች ያቋቋምነው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚጫወት ቡድን ነው። ባለፈው ሳምንት ኮሚቴው ለሐምሌው ውድድር የሚፈርሙትን የአሥራ ስምንት ተጫዋቾች ስም በቡድኑ ዋትሳፕ ለቀቀ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በረኛችን የነበረው ተክለአብ ግን ከሥር ለብቻው ተጽፎ፣ ከስሙ አጠገብ «ዕድሜ 45፣ አይፈርምም» የሚል ሰፍሮበታል። በእሱ ቦታ ጊዲዮን የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ለሁለት ዓመት ፈርሟል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግማሹ ደጋፊ ተክለ ይመለስ፣ ግማሹ ወጣት ይግባ እያለ ስልካችን እረፍት አጥቷል። እኔም ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ ለእርስዎ ማቅረብ ፈለግሁ።

አንደኛ፣ ስለ ውሉ አመሰግናለሁ። ለጊዲዮን ያዘጋጁለትን ባለ አሥራ አራት አንቀጽ ውል በአድናቆት አነበብኩት። ልጁ እስካሁን ለልምምድ የመጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ በሁለተኛው ዝናብ ስለ ነበረ ከመኪናው ሳይወርድ ተመልክቶን ሄዷል። በአንቀጽ ስድስት ከኮሚቴው ፈቃድ ውጭ ወደ ሌላ ክለብ እንዳይዛወር መከልከልዎ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል፤ ዓለም ሁሉ እንደሚሻማበት ማን ያጣዋል? በግራው ጎላችን ላይ መረብ ከጠፋ ሁለተኛ ዓመቱ መሆኑን የሚመለከት አንቀጽ ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ተክለአብ በበኩሉ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት መስመር ውል አልተጻፈለትም። ሂትሮው አየር ማረፊያ የሌሊቱን የጽዳት ሺፍት ጨርሶ፣ ጓንቱን በፌስታል ይዞ፣ በፒካዲሊ ባቡር እንቅልፉን እየሰረቀ ይመጣና ከሁላችንም ቀድሞ ሜዳ ይደርሳል። ከደረሰም በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው ጎሉ ፊት የወደቀውን የጠርሙስ ስባሪ መልቀም ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ስንብቱ ክብር አመሰግናለሁ። ተክለአብን ስላላባረራችሁት፣ «የክብር በረኛ» አድርጋችሁ ስለ ሾማችሁት፣ የሹመቱም ሥራ ኳስ መሸከምና ውሃ መቅዳት ስለ ሆነ ቡድኑ በሙሉ ኮርቷል። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። ሹመቱን ጸሐፊያችን እሌኒ በሜዳው መሃል እንድታነብ ሲያዝዟት፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ እስከ መጨረሻው አነበበች። እሱም «እሺ» አለና ጓንቱን አውልቆ ለጊዲዮን አቀበለው፤ የቀኙ አውራ ጣት ስፌቱ ስለ ላላ እንዲጠነቀቅም መከረው። ያን ጊዜ እርስዎ ስልክዎን ያዩ ስለ ነበር አላዩትም፤ እኔ ግን ቆሜ አይቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ደጋፊን ስለ ማዳመጥዎ አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ዓመት በሰብሳቢነት ሲቀመጡ መረብ ይገዛ አልን፣ አልሰሙም። ይህ የሰናፍጭ ቀለም ያለው ማሊያ ይለወጥ አልን፣ አልሰሙም። የስብሰባው ቀን በዓል ላይ አይዋል አልን፣ በፋሲካ ማግስት ጠሩን። አሁን ግን በቃለ ጉባኤው ላይ ተክለአብ የተሰረዘው «የደጋፊዎችን ድምፅ መሠረት በማድረግ» እንደ ሆነ ተጽፏል። ዘጠኝ ዓመት ተኝቶ የነበረ ጆሮ ነቅቶ በማየቴ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ቃለ ጉባኤው ድምፁ የማን እንደ ሆነ አልገለጸም። እኔ ልግለጸው። ድምፁ የእኔ ነው።

በግንቦት ከዊልስደኖቹ ጋር ስንጫወት፣ አንዲት የማትረባ ኳስ በተክለአብ እግሮች መሃል ሾልካ ገባች፤ ተሸነፍን። እኔም አውቶቡስ እየጠበቅሁ ንዴቴን በዋትሳፕ በድምፅ ለቀቅሁት። ቃሌን ማንም ስለማይረሳው እዚህም አልደብቀው፦ «ይሄ ሰውዬ በረኛ ነው ወይስ የመቃብር ዘበኛ? አርባ አምስት ዓመቱ ነው እኮ! ፔፐሩን ቼክ አድርጉ! ጡረታ አፕላይ ያድርግና ይረፍ፣ እኛንም ያሳርፈን!» ሃያ ሰባት ሰው የሳቅ ምልክት ላከልኝ፤ ቆጥሬያለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መልእክቱ ዊልስደኖቹ ዘንድ ሳይቀር ደረሰ፤ እኔም በሥራ ቦታዬ ድንች እየላጥኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። እርስዎም ክቡር ሆይ፣ በሕይወትዎ አንድ ጊዜ የነገርኩዎትን ፈጸሙ፤ ፔፐሩን ቼክ አደረጉ።

አራተኛ የሚለውን ቁጥር ለእርስዎ አላደርገውም። አራተኛው በደል ከእርስዎ ጋር አይገናኝም።

ክርክሩ ሲጦፍ እሌኒ በእርስዎ ትእዛዝ ተክለአብ በመጀመሪያ ሲመዘገብ ለክለቡ የሰጠውን የድሮ የጥገኝነት ፎርም ፎቶ ግራፍ ለቀቀችው። እኔ ደግሞ ማሸነፌን በደንብ ላጣጥም ብዬ በጣቴ አሰፋሁት። «01/01/1980» ይላል። ስምንቱ ሁለት ቀለበት አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ አለቃዬ በዚህ ስምንት ስንት ጊዜ ገሥጾኛል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ከሃያ ዓመት በፊት፣ በየቅዳሜው ፊንስበሪ ፓርክ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀምጬ ለአዲስ መጪዎች የጥገኝነት ፎርም እሞላ ነበር። በነጻ ነው የምሞላው፤ ስለዚህም እንደ ጻድቅ እቆጠር ነበር፤ እኔም ራሴን እንደዚያው እቆጥር ነበር። ቀኑንና ወሩን ለማያውቅ ሰው አንድ አንድ ብለን መሙላት ልማዳችን ነው። በቡድናችን ተክለአብን ጨምሮ አሥራ አንድ ተጫዋቾች በጃንዋሪ አንድ የተወለዱት ለዚህ ነው፤ የሐበሻ እናቶች ቀን ቆርጠው አምጠው አይደለም። ተክለአብ ግን ቀኑን ያውቅ ነበር። ቁመቱ የረዘመ፣ ጺሙ የቀደመው ልጅ ፊቴ ተቀምጦ፣ መቼ ተወለድክ ብዬ ስጠይቀው፣ መጋቢት መድኃኔዓለም፣ በሰማንያ ብሎ ጥርት አድርጎ ነገረኝ። ሰልፉ በሩ ድረስ ነበር። የመድኃኔዓለምን ቀን ወደ ፈረንጅ ማስላቱ ሰለቸኝና አንድ አንድ ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ሰማንያን በፈረንጅ ሰማንያ ስምንት ማድረግ ሲገባኝ፣ እንዳለ 1980 ብዬ ጻፍኩ። ለዓመተ ምሕረቱ ስምንት ሳልጨምር ቀርቼ በልጁ ላይ ስምንት ጨመርኩበት።

የዚያን ዕለት ተክለአብ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ሃያ አምስት አደረግሁት። እኩዮቹ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ቤተሰብ ተፈልጎላቸው ከቤተሰብ ጋር ኖሩ። እሱ ከጎልማሶች ጋር ባንድ ሆስቴል አደረ፤ ልማር ብሎ ሲሄድ ዕድሜህ አልፏል ተባለ። ከዚያ ሂትሮው ገባ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። እኔ ደግሞ ያስረጀሁትን ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ከጀርባው ቆሜ ሽማግሌ እያልኩ ሰደብኩት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ነው።

ሰኞ ጠዋት ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ መውጫው ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲወጣ ያዝኩትና በአውቶቡሱ ሰልፍ መሃል እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። አልደነገጠም። በመጣ በመጀመሪያው ዓመት አውቆታል። አንድ ጊዜ ይስተካከልልኝ ብሎ ሞክሮ ነበር፤ ማስረጃ አምጣ አሉት፣ አልነበረውም፣ ተወው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ፤ እሱ ሳይረሳ ሃያ ዓመት ሙሉ እትዬ እያለ ጉንጬን ስሟል። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮኽኩበት፤ ጥፋተኛም ሆኜ መጮኼን አልተውኩም። እሱም «እትዬ አልታየሽ፣ የዚያን ቀን የሚሞላልኝ ሌላ ሰው አልነበረም» አለኝ። ቀጥሎም ጉልበቴን እንዴት እንዳደረገኝ ጠየቀኝ። ይህን ደብዳቤ ልጻፍ ወይ ስለው፣ ለእኔ ሲሉ ከሆነ ይተዉት፣ ለቡድኑ ከሆነ ይጻፉ አለኝ። ለቡድኑ ነው አልኩት። ዋሸሁት።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋው ቅዳሜ ነው። ደንብዎን ይሻሩ አልልም፤ ደንብዎን ያክብሩልኝ እንጂ። ተክለአብ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በእርስዎ ሕግ ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ማስረጃም አለኝ። ያን ጊዜ ሰዎች የሚነግሩኝን አስቀድሜ የምጽፍበት ደብተር ከአልጋዬ ሥር ሻንጣ ውስጥ ተገኝቷል፤ ገጽ አሥራ አራት ላይ «ተክለአብ፣ መጋ. መድኃኔዓለም፣ 80» ይላል። ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ። የምከፍተው ገጽ አሥራ አራትን ብቻ ነው። በገጽ ዘጠኝ ላይ ስማቸው በ«ን» የሚጀምር አንድ የተከበሩ ጎልማሳ ዓመታቸውን ነግረውኝ ሲያበቁ «ከቻልሽ ትንሽ ቀንሺልኝ» ያሉበት ይገኛል፤ ኮሚቴው ካላስገደደኝ በቀር ያ ገጽ እንደ ተዘጋ ይቆያል።

ስለ እኔ ቅጣት ኮሚቴው አይድከም፤ ራሴ ፈርጃለሁ። ውድድሩ እስኪያልቅ በግራው ጎል ጀርባ፣ መረብ በሌለበት፣ አፌን ዘግቼ እቆማለሁ፤ ያለፈችውን ኳስ ሁሉ እየሮጥኩ አመጣለታለሁ። ጉልበቴ ካልቻለ እያዘገምኩ አመጣለታለሁ።

ወንበርዎ ሳይታጠፍ፣ ወገብዎ ሳይጎብጥ፣ ጆሮዎ ዳግመኛ ሳይተኛ ለብዙ ዘመን እንዲያቆይልን እየለመንኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ኀፍረት ጋር እሰናበታለሁ።

ስምንትን አሳምራ የምትጽፍ፣ መደመር ግን ያቃታት
አልታየሽ
ዊልስደን

ግልባጭ፦
ለእሌኒ፣ የቡድኑ ጸሐፊ (ድምፅሽ ስለ ተንቀጠቀጠ አመሰግንሻለሁ)
ለጊዲዮን (ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ፎርምህን ማን እንደ ሞላልህ ግን ጠይቅ)
ለዊልስደን ቡድን (ያኛውን እንደ ሰማችሁ ይህንንም ስሙ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሚቴዎ በየዓመቱ ጃንዋሪ አንድ ቀን አሥራ አንድ ስም ደርድሮ በአንድ የኬክ ሥዕል መልካም ልደት ይመኛል። ተክለአብን ከአንድ ዝርዝር ሳይሰርዙ ማደር ካቃትዎ፣ ከዚያኛው ይሰርዙት። ልደቱ መጋቢት መድኃኔዓለም ነው፤ በፈረንጅ ኤፕሪል አምስት። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ቀን እንኳን ተወለድክ ያለው አንድም ሰው የለም፤ በዚህ ከተማ ቀኑን የነገረው ለእኔ ብቻ ነበር።