ቅል ስላሳለፈው የደረጃ መደገፊያ

ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሙዐዊያ ኢልያስ
የሥራ ጥራት ርክክብ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሶሳ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎንም ወገብዎንም አላህ ይጠብቅልዎ እላለሁ። ከትናንት በስቲያ የአዲሱን የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ደረጃ ሲወጡ፣ ያጸደቁትን መደገፊያ ትተው ግድግዳውን ይዘው ስላየሁ አሳስቦኝ ነው።

ቃለ ጉባኤዎ የዘለላቸው ነገሮች ስላሉ እኔ ላሟላ። ቀኑ ሐሙስ፣ ሐምሌ 17 ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኖ፣ ሌሊት የጀመረው ዝናብ ገና አላባራም። የተገኘነው እርስዎ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት፣ ሥራውን የሠራው ተቋራጭና “የሕዝብ ተወካይ” ተብዬ የተጠራሁት እኔ ነን። ጎረቤቴ ዋፋም መዳህ የጀመረች ልጇን ታቅፋ ከዝናቡ ለመጠለል ገብታ ነበር።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው እንዳይቸገር አንድ ነገር ልጨምር። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት እርስዎ ገበያው አጠገብ የእንጨት ሥራ ቤት ነበርዎት፤ እኔ ደግሞ ፍቅፋቂውን እጠርግ ነበር። ከሚጣለው ቁርጥራጭ በርጩማ መሥራት ተለማመድኩ፤ ፊደሉንም ሚስማር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቀምኩት። አልከለከሉኝም። እንዲያውም አንድ ቀን የሕፃን ራስ የሚያህል ደረቅ ቅል አንስተው፣ “ዓዲላ፣ ይህ በመደገፊያው ቋሚዎች መካከል ካለፈ ሥራው ለሰው ቤት አይወጣም” አሉኝ። ሥራ ቤቱን ዘግተው ቢሮ ሲገቡ ቅሉን ለእኔ ሰጡኝ። እስከ ሐሙስ ድረስ ጠብቄዋለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1. መደገፊያው ስለሚያንጸባርቅ አመሰግናለሁ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ቫርኒሹ ላይ መልካቸውን አይተው ኮሌታቸውን አስተካክለዋል። እኔ ግን እርስዎ እንዳስተማሩኝ ሻርፔን ከላይ እስከ ታች ስስብበት ሦስት ቦታ ላይ ያዘው፤ በሦስቱም ቦታ በስቱኮ የተሸፈነ የሚስማር ራስ አገኘሁ። ተቋራጩ “እናቴ፣ አይንኩብኝ እንጂ፣ አልደረቀም!” አለኝ። የደረጃ መደገፊያ የሚሠራው እንዳይነካ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

2. ቋሚዎቹ ጫፋቸው ተቀርጾ ጉድጓድ ውስጥ መግባት ሲገባቸው በአንድ በአንድ ሚስማር ቆመዋል። እንጨቱም እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት በጋ መጥቶ ሲደርቅ ሚስማሩን እንደሚለቅ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ እዚህ ላይ አላስቸግርዎትም።

3. የላይኛው ፎቅ ላይ እናቶች ወረፋ የሚጠብቁበት ቦታ ስንደርስ ቅሉን ከቅርጫቴ አወጣሁ። በአምስተኛውና በስድስተኛው ቋሚ መካከል ሳስገባው ግራና ቀኙን ሳይነካ አለፈና ታች ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተሰነጠቀ። ሁሉም ዞረው አዩ። ዋፋ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። እርስዎ ቅሉን አዩት፤ ያወቁት መሆኑንም ከፊትዎ አየሁ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው “ዝናቡ በረታ፤ ቶሎ እንፈራረም” አሉ። ለጤናችን ስላሰቡልን እናመሰግናለን።

4. ከሰዓት በኋላ የተለጠፈው ቃለ ጉባኤ፣ ሥራው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ የሕዝብ ተወካይዋም አስተያየት የለኝም ብለዋል ይላል። እኔ የፈረምኩት ለመገኘቴ ነበር፤ እርስዎ ግን በቸርነትዎ ለመስማማቴ አደረጉት። ዝም ማለቴ እውነት ነው። እርስዎ ባሉበት ስለ እንጨት ቀድሜ ተናግሬ አላውቅም። ቅሉ ከወደቀ በኋላ ዝም ያልኩት እርስዎ ሲናገሩ ልሰማ ነበር።

ክሊኒኩ ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ዋፋም ልጇን ለማስከተብ የምትወጣው በዚያው ደረጃ ነው። ስለዚህ መደገፊያው እንደገና ተሠርቶ እስኪያልቅ ላይኛው ፎቅ እንዲዘጋ፣ ስሜም ከዚያ ወረቀት ላይ እንዲሰረዝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ ግን በርክክቡ ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከጓሮዬ ቀርከሃ ቆርጬ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ቀርከሃውን ሰንጥቄ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ያሉትን አሥራ ዘጠኝ ክፍተቶች በቋሚዎቹ መካከል እየጠለፍኩ በሲባጎ አሰርኩ። አያምርም፤ ቫርኒሽም የለውም። ሲያልቅ የተሰነጠቀውን ቅል በእያንዳንዱ ክፍተት ሞከርኩት፤ በአንዱም አላለፈም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፍቅፋቂውን ጠርጌ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። አልነበሩም።

መጋዝ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩኝን እጆችዎን ዛሬም በአክብሮት እያስታወስኩ፣ እነዚያው እጆች የፈረሙትን እያነበብኩ፣

የቀድሞ ፍቅፋቂ ጠራጊዎ
ዓዲላ ሐመድ

ማሳሰቢያ፦ ከእንግዲህ እኔ ዘንድ መቀመጡ ስለማይገባው ቅሉን ለቢሮዎ ዘበኛ አስረክቤያለሁ። ዘበኛው ከመፈረማቸው በፊት መነጽራቸውን አደረጉ፤ ቅሉን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያም መዝገቡ ላይ “ስንጥቅ አለው” ብለው ጻፉ። ለሚቀጥለው ርክክብ ኮሚቴዎ ሰው ከጎደለው እሳቸውን ይጠይቋቸው።